ጉም ውስጥ የጠፋው ቅጽ

ባለፈው ሳምንት በሚሠራ ቤት አጠገብ ሳልፍ ከጭድ ጋር የተቦካ እርጥብ ጭቃ ሸተተኝና፣ መንገዴን ረስቼ ቆምኩ። ወዲያው የአሰላው ግቢያችን፣ እናቴ እስከ ክንዷ ድረስ ጭቃ ሆና፣ እህቴ ዘይነባም ላፕቶፕ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከንፈሯን እየነከሰች ትዝ አሉኝ።

ያን ክረምት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ዘይነባ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳይመጣላት ቀርቶ ቤት ውላ፣ አጎታችን ከአዳማ ባመጣላት ያገለገለ ላፕቶፕ ድረ ገጽ መሥራት ትማር ነበር። አባታችን ግን ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ቅጽ የሚሞላ ሰው ነበርና፣ ይህ ሥራ አይዋጥለትም ነበር። አቦምሳ ከተማ እህል የምትነግደው አክስታችን «ልጅቷን ላክልኝ፣ ሱቅ ትያዝልኝ» ስትለው እሺ ብሏት ነበር። ዘይነባ አልቅሳ ስትለምነው፣ «ገብሱ እስኪታጨድ እጠብቅሻለሁ። በሠራሽው ነገር አንድ ሰው እንኳ ከተጠቀመ ትቆያለሽ፤ አለዚያ ወደ አክስትሽ ነው» አላት። እኔና እሷ በአንድ ብርድ ልብስ ነበር የምንተኛው፤ ትሄዳለች የሚለውን ማሰብ እንኳ አልፈልግም ነበር።

መስከረም ላይ የአባቴ ወዳጅ ኦቦ ገመቹ በቆጂ ውስጥ ለሩጫ ልምምድ ለሚመጡ እንግዶች ማረፊያ ከፈቱና፣ እንግዳው በኢንተርኔት የሚመዘገብበት ገጽ እንድትሠራላቸው ዘይነባን ጠየቋት። ማልደን ሄደን፣ እጃችን በብርድ እየደነዘዘ፣ ጉም የተኛበትን የገብስ ማሳ ፎቶ አነሳን። እሷም ፎቶውን ገጹን በሙሉ አልብሳ፣ የመመዝገቢያውን ሳጥኖች ጉሙ ውስጥ አስገባቻቸው፤ መስመር አልነበራቸውም፣ ፊደሎቹም እንደ ጉሙ ነጣ ያሉ ነበሩ።

«ቅጽ ማለት ነጭ ወረቀትና ጥቁር መስመር ነው» አለ አባቴ።

«አባዬ፣ እንግዳው ገና ሳይመጣ ብርዱ እንዲሰማው ነው የምፈልገው።»

ጥቅምት ገባ፤ አንድም ሰው አልተመዘገበም። ገጹን በስልኩ የከፈተ ሁሉ «ማሻ አላህ፣ እንዴት ያለ ፎቶ ነው!» እያለ አድንቆ ይዘጋው ነበር። ገብሱ ቢጫ ሆኖ አጨዳው ሲጀመር፣ አክስታችን ደውላ ዘይነባን ልብሷን እንድታዘጋጅ ነገረቻት። ዘይነባ ምግብ አልበላ አላት፤ እኔም አብሬያት ጾሜ ዋልኩ፣ ማታ ግን አላስችል ብሎኝ በላሁ።

እናቴ ዝናብ የላጠውን ግድግዳ በየዓመቱ ያን ጊዜ በቀይ አፈር ትለቀልቅና፣ የበሩንና የመስኮቶቹን ዙሪያ ደግሞ በነጭ አፈር ትከበው ነበር። ያን ቀን ሥራውን አቋርጣ መጥታ፣ እጆቿን ከላፕቶፑ አርቃ ወደ ገጹ አጎነበሰች።

«የሚጻፈው የት ላይ ነው?»

«እዚህ ነዋ፣ እማዬ።»

«አዪ ዘይኑ! ግድግዳውንም በሩንም ባንድ ጭቃ ለቅልቀሽዋል እኮ። እንግዳው በየት ይግባ?»

ዘይነባ ግድግዳችንን አየች፣ ገጹን አየች፣ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች። ከሰዓቱን ሙሉ ተቀምጣ፣ ለፊደሎቹ ከፎቶው ውስጥ የተራራውን ጥቁር አረንጓዴ ወሰደች፣ ከሳጥኖቹ ኋላ ያለውን ጉም ትንሽ አጠቆረችና እያንዳንዱን ሳጥን በቀጭን ነጭ መስመር ከበበችው። ሳጥኖቹ አሁንም የማሳው አካል ነበሩ፤ ግን ይታዩ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ የመጨረሻው ገብስ ሲወቃ፣ አንድ ሰው መመዝገቡን የሚናገር መልእክት ስልኳ ላይ ገባ። እየጮህን ከፈትነው። የተመዝጋቢው ስም የአባታችን ነበር። «የሚመጡበት ምክንያት» በሚለው ሳጥን ውስጥ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ጉዳዩ፦ ልጄ ዘይነባ እዚሁ እንድትቆይ ስለመጠየቅ። የሚጻፍበትን ቦታ ማንንም ሳልጠይቅ አግኝቼዋለሁ።»

ዘይነባ ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ አለቀሰች። አመልካቹም ወሳኙም እሱ ራሱ ነበር። በዚያው ምሽት ወደ አቦምሳ ደውሎ ከእህቱ ጋር በኦሮምኛ ረጅም ጊዜ ሲከራከር ሰማነው፤ እውነተኛው እንግዳ የተመዘገበው ከሳምንት በኋላ ነው።

ዛሬ ዘይነባ አሰላ ላይ የራሷ ቢሮ አላት፣ የስድስት ዓመት ልጅም አላት። አባቴ የልጅቷን ፊት ፊት እያየ «ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ይላታል፤ አንድ ቀን ሐኪም፣ በማግስቱ የባጃጅ ሹፌር ትለዋለች፣ እሱም ሁለቱንም አምኖ ይቀበላል። ለእናቷ የተሰጣት ጊዜ እስከ አጨዳ ብቻ ነበር። ለእሷ ግን ቀን የሚቆርጥ የለም።