የሞጣው ፎቅ መስተዋት

ከቢቸና ተነስቼ ሞጣ በታይፒስትነት ስቀጠር በከተማው የማውቀው ሰው አልነበረኝም። ጊዜው የጃንሆይ ነው። መሥሪያ ቤታችን ያለበት ቤት ባለ አንድ ፎቅ ቢሆንም ለሞጣ ሰማይ ጠቀስ ነበር። ላይኛው ክፍል ለብቻዬ ተቀምጬ ስጽፍ እውላለሁ።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ጨርቅ ይሸጣሉ። ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ከዱካቸው ብድግ ብለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ይላሉ። እኔም ተነስቼ እጅ እነሳለሁ። ሌላ ወሬ አልነበረንም። ግን ከሰው የማገኘው ያን ብቻ ስለነበር፣ ለእሱ ስል ማልጄ እገባ ነበር።

ከዚያ ቤቱ ይታደስ ተባለ። ቆርቆሮው ተቀየረ፣ ግድግዳው ተለሰነ። የከሰዓት ፀሐይ አላሠራ አለ ተብሎም የጣውላ መስኮቴ ተነቅሎ ከአዲስ አበባ የመጣ ጠቆር ያለ መስተዋት ተገጠመ። አይከፈትም። አለቃችን በኩራት ተነፉ። ጥላው እውነትም ደስ ይላል፤ እኔ ግን ጠላሁት። ከውስጥ ሁሉም ይታያል፤ ከውጭ ግን ሰማይ እንጂ ሰው አይታይም።

ሽማግሌው ጥቂት ቀን ተነስተው ሰላም አሉ። እኔም ከውስጥ ጎንበስ እላለሁ፤ ማን አይቶኝ! ኋላ ተዉት። ሄጄ እንዳልነግራቸው አፈርኩ።

አንድ እሑድ ወደ ተከራየሁት ክፍል ሁለት አስታራቂዎች መጡ። ቁጭ በሉ ብላቸው እምቢ አሉ።

«ሳትታረቂ አንቀመጥም። ጨርቅ ሻጩ ምን በድሎሽ ነው ሰላምታ የነሳሽው?»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። በማግስቱ ሦስቱንም ፎቁ ላይ አወጣኋቸው። ጨርቅ ሻጩ ግንባራቸውን መስተዋቱ ላይ አስደግፈው ሱቃቸውን አዩ።

«ኧረ ልጄ! ለካ ስታዪኝ ኖረሻል?»

«በየቀኑ፣ አባባ። እጅም እነሳለሁ።»

«እንግዲያ እኔም አልተውም።»

አልተዉም። በየጠዋቱ ለመስተዋቱ እጅ ይነሳሉ፤ እኔም ከጀርባው እመልሳለሁ።

ኋላ እናቴ ታማ ቢቸና ሰነበትኩ። በተመለስኩ ማግስት አርፍጄ ወደ ሥራ ስሄድ ሽማግሌው ከዱካቸው ሲነሱ ከኋላቸው ደረስኩ። ወደ መስኮቴ ጎንበስ አሉ። እኔ መልሼ እጅ የምነሳበትን ያህል ጊዜ ጠበቁ። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ፈገግ አሉና ተቀመጡ። ሳልኖርም እንዲሁ ሲያደርጉ ሰንብተዋል ማለት ነው። በመስተዋት ቀናሁ። አባባ ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ የዕለቱን ሰላምታቸውን አግኝተው ጨርቃቸውን መዘርጋት ጀምረው ነበር።