በዐረብኛ ያለችው

ተሻለችን የሐይቅ ገበያ የሚያውቃት በሽንኩርቷና በሳቋ ነው። እኔ ከጎኗ ቲማቲም እሸጣለሁ፤ ስለዚህ ስታለቅስም አይቻለሁ። «ሽንኩርቱ ነው» ትለኛለች። አላምናትም ነበር። ታሪኩን የነገረችኝ ግን ዘንድሮ ነው።

በሃያ ዓመቷ አረብ አገር ስትሄድ ደላላው «ሱረያ» የሚል ስም አወጣላት፤ ማተቧን የበጠሰችው ግን ራሷ ናት። ሪያድ የገባችበት ቤት አንዲት አሮጊት ታስታምም ነበር፤ «ማማ» ትላቸዋለች። ማማ ወደዷት፣ የቁም ሣጥናቸውን ቁልፍ ሳይቀር ሰጧት። ረቡዕና ዓርብ ወተት አትቀምስም። ሲጠይቋት «ሆዴን ያመኛል» ነው መልሷ።

አንድ ቀን ከሰዓት እግራቸውን ስታሽላቸው፣ «ኢሳን ምን ትዪዋለሽ?» አሏት። «ነቢይ ነው» ብላ ብታበቃ ይሻል ነበር። ማንም ሳያስገድዳት ጨመረችበት፦ «አምላክ ነው የሚሉት ይዋሻሉ።» ማማ እግራቸውን ሰበሰቡ። በማግስቱ ቁልፉን ተቀበሏት።

ምክንያቱን የነገሯት ኮንትራቷ አልቆ ሻንጣዋን ስትዘጋ ነው። «ክርስቲያን መሆንሽን ከጾምሽ አውቄው ነበር። የጠየቅሁሽ እንድትነግሪኝ ነው፤ በበዓልሽ ቀን ላሳርፍሽ ነበር። ለእኔ ብላ አምላኳን የምትክድ ልጅ ቁልፌን እንዴት ትያዝ?» አልተቆጧትም። ስልክ ቁጥራቸውን ሰጥተው፣ ስመው ሸኟት።

ከተመለሰች ሦስት ዓመት ሆናት። ማተቧን መልሳ አሰረች፤ ሁዳዴን ትጾማለች፤ አትቆርብም። ጾሙ በገባ ቁጥር ከራሷ ጋር ክርክር ነው፦ ያንን ያለችው ሱረያ እንጂ ተሻለች አይደለችም፤ በዐረብኛ እንጂ በአማርኛ አላለችውም። እግዜር ዐረብኛ አይሰማም መሰላት! ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን። ስቅለት በመጣ ቁጥር ለቄሱ ሐሜቷን ብቻ ተናግራ ትመለሳለች።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ፤ ገበያው በሙሉ ጾመኛ ነበር። በመካከሉ ተሻለች ሦስት ቀን ጠፋች። ስትመለስ ሳቋ የለም።

ስቅለት ሰግደን ስንጨርስ ለጥብጠባው ከኋላዋ ተሰለፍኩ። ቄስ ዝናው የወይራ ቅርንጫፍ ይዘው የእያንዳንዱን ኃጢአት ይሰማሉ፣ ጀርባውን ቸብ ቸብ ያደርጋሉ፣ ስግደት ያዛሉ።

«አባቴ፣ ክርስቶስን አምላክ አይደለም ብያለሁ» አለች። አላንሾካሾከችም።

የቄሱ እጅ ቆመ። «አሁንስ ምን ትያለሽ?»

«ዛሬ የተሰቀለው ጌታዬ ነው፣ አምላኬ ነው። ያኔም አውቅ ነበር፣ አባቴ። እያወቅሁ ነው ያልኩት።»

ወይራው ሦስት ጊዜ ጀርባዋ ላይ ዐረፈ። መቶ ስግደት አዘዟት። ቀጥለው፣ «ስትክጂ የሰማሽ ሰው ነበር?» አሏት።

«አንዲት አሮጊት።»

«እንግዲያ እውነቱንም ለእሳቸው ንገሪ፣ ልጄ።»

ተሻለች መሬት ላይ ዘፍ አለች። «በዚህ ረመዳን ዐርፈዋል። ልጃቸው ደውላ ነገረችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስልካቸው እጄ ላይ ነበር፣ አባቴ።»

ተራዬ ሲደርስ የተዘጋጀሁበት ሁሉ ጠፋኝ። እኔም እንደ ልማዴ «ሐሜት» ብዬ አለፍኩ።

መቶውን ሰገደች፣ ለፋሲካም ቆረበች። ሰኞ ገበያ ላይ፣ «እንኳን አደረሰሽ! አብሽሪ፣ ይኸው ቀለለልሽ አይደል?» አልኳት።

ሽንኩርቷን መደርደሯን አላቆመችም። «እሱስ ይቅር ብሎኛል» አለች። «ማማ ግን እንደዋሸኋቸው ሞቱ።»