ከሦስቱ ኮከቦች በታች

የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሲነዳ ሰው ገጭቶ ስለማያውቅ ባልደረቦቹ «ቀስ በቀስ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ሚስቱ የሳይንስ አስተማሪ ናት። ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤቱን ሲያጸዳ ሊጥለው የነበረውን፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ አሮጌ ባይኖኩላር ለምና ወስዳ፣ ከዚያ ወዲህ የኮከብ ፍቅር ያዛት።

«የሰፈሩን ወሬ ጨረስሽና ሰማይ ቤት ገባሽ?» ብሎ ቀለደባት። እሷ ግን ገና እንደጨለመ እየጎተተች ሰገነቱ ላይ አወጣችው። ነጭ ብርሃን ዓይንን ያደነዝዛል ብላ የእጅ ባትሪዋን በቀይ ላስቲክ ሸፍናዋለች። ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀመጡ።

«ክርንህን ግንቡ ላይ አስደግፍ። እጅህ ከተንቀጠቀጠ ኮከቡም አብሮህ ይጨፍራል።»

በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ደማቅ ኮከቦች አገኘ።

«አሁን ትንሽ ወደ ታች ውረድ። መስታወት ላይ የተነፈሱበት የሚመስል ነገር አለ።»

«የለም።»

«በቀጥታ አትየው። ደብዘዝ ያለ ነገር የሚታየው ጎኑን ሲያዩ ነው።»

ዓይኑን ወደ ጎን አደረገ። ሦስቱም ኮከቦች ጭራሽ ጠፉበት።

«ትምህርት ቤቱ ያለነገር አልጣለውም» ብሎ ባይኖኩላሩን መለሰላት። ሲወርዱ በቀዩ መብራት ደረጃ ስቶ ጉልበቱ ተላጠ። ጫማውን ረገመ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ትጠራዋለች። የምታሳየው ኮከብ ከሳምንት ሳምንት እየደመቀ ሄደ። ለጀማሪ የሚቀለውን እየመረጠችለት መሰለው።

ወር ገደማ አለፈ። አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ ከፌርማታ ሊነሳ መሪውን ሲያዞር፣ ከኋላው አንዲት ተሳፋሪ «ኧረ ሰው! ሰው አለ!» ብላ ጮኸች። ፍሬኑን ረገጠ። ከአውቶቡሱ ፊት በቀኝ ጥግ በኩል አንድ ሽማግሌ ከረጢታቸውን እንዳቀፉ ደርቀው ቆመዋል።

«ምነው አባቴ፣ ዘለው ይገባሉ?» አለ በመስኮት።

«የት ዘለልኩ ልጄ? ቆሜ እኮ ነው። እንዲያውም ያየኸኝ መስሎኝ።»

ሾፌሩ መስኮቱን ዘጋ። የቀረውን መንገድ በእግር ጉዞ ፍጥነት ነዳ። ተሳፋሪዎቹ ሲያጉረመርሙ እንኳ አልሰማም።

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። እንደምትደነግጥ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ከመሳቢያ ደብተር አውጥታ ፊቱ አስቀመጠች። ሰገነት ላይ ያየውንና ያላየውን ኮከብ ሁሉ ከነቀኑ ጽፋዋለች።

«መጀመሪያ የወጣን ዕለት ዓይንህን ጠርጥሬ ነበር» አለች።

«ወር ሙሉ ስትፈትኚኝ ከርመሻል ማለት ነው?»

«እርግጠኛ ልሁን ብዬ…»

«አንቺ እርግጠኛ እስክትሆኚ እኔ ሰው ጭኜ እነዳለሁ! ሰውየውን ጨፍልቄው ቢሆንስ?»

«ፈራሁ» አለች። «ከመንዳት ሌላ የምታውቀው ሥራ የለህም። ምን ብዬ ልጀምርልህ?»

በማግስቱ ወደ ዓይን ሐኪም ሄዱ። ሐኪሟ አገጩን መሣሪያ ላይ አስደግፋ፣ ጥቃቅን መብራት ባየ ቁጥር ቁልፍ እንዲጫን አዘዘችው። ብዙ ጊዜ ጣቱ ሳይንቀሳቀስ ቆየ።

«የሚያዩት መሃል መሃሉን ነው፤ ዳር ዳሩ ጠፍቷል» አለችው። «ቀን ላይ አይታወቅዎትም። የሚመልሰው መድኃኒት የለንም። መንዳት ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቅርብዎ።» ቀጥላም «ልጅ አለዎት?» አለችው። አንዲት ሴት ልጅ እንዳለችው ሲነግራት፣ «በዘር ሊተላለፍ ስለሚችል እሷም ብትታይ ጥሩ ነው» አለች።

የስምሪት ኃላፊው የሐኪሟን ወረቀት አንብቦ በሩን ዘጋ።

«ስማ ቀስ በቀስ፣ ቀን ቀን ላሰማራህ። ይቺን ወረቀት አጥፈህ ኪስህ ክተታት። እኔም አላየሁትም።»

ሾፌሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። እውነቱን ለመናገር በሩ ድረስም ሄዷል። እዚያ ሲደርስ የሽማግሌው ድምፅ ጆሮው ውስጥ አስተጋባ። ተመለሰና ወረቀቱን ከአውቶቡሱ ቁልፍ ጋር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

አሁን በአውቶቡሶቹ ጋራዥ ውስጥ ስልክ ያነሳል። ተሳፋሪዎች ስለ ሾፌሮች የሚያቀርቡትን አቤቱታ ይመዘግባል። ከሚስቱ ጋር «ብላ»፣ «በቅቶኛል» ከመባባል ያለፈ ሳይነጋገሩ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ባይኖኩላሩንም የነካው የለም።

ሌላ ከተማ ፋርማሲ ውስጥ ለምትሠራው ልጁ መደወል ግን ከሁሉም በላይ ከበደው። አንድ እሑድ ከሰዓት ሚስቱን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ሁለቱም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍቶ ደወለ። ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ሳያስቀር ነገራት።

«እኔ ደህና ነኝ አባዬ፣ ምንም የለብኝም» አለች እየሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ሲኒማ ቤት ስገባ ግን ጨለማው ውስጥ ወንበሩ አልታይ ብሎኝ ሰው ጭን ላይ ልቀመጥ እላለሁ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። እሱ… እሱም ከዚህ ይቆጠራል?»

አባት ስልኩን ለሚስቱ ዘረጋላት። እናትየው ስልኩን ከእጁ ወሰደችው።

«ሐሙስ ነይ የኔ ልጅ» አለቻት። «ሦስታችንም አብረን ሐኪሟ ጋ እንሄዳለን።»