ዘጠኙ ባለ ጽጌረዳ ሳህኖች

ሪያድ ውስጥ ሐራጅ የሚባለውን የአሮጌ ዕቃ ገበያ እንደ እኔ የወደደ ሰው ያለ አይመስለኝም። ማዳም ትወደው ነበር፤ የእሷ ግን ሌላ ነው፣ እሷ ገዢ ናት። እኔ ተሸካሚ ነበርኩ። በእኛ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ሱለይማኒያ ሰፈር እሷ ቤት ተቀጥሬ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከወጥ ቤትና ከአጥር ግንብ ሌላ የማየው አልነበረኝም። ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ግን «ያላ!» የምትለዋን ድምፅ ስሰማ፣ ዓባያዬን ሳልቆልፍ መኪናው ውስጥ እገኛለሁ።

ምን የማይሸጥ ነገር አለ እዚያ! የሞተ ሰው ምርኩዝ፣ አንድ እግሩ የጎደለ አልጋ፣ የማይጮኽ ራዲዮ፣ ቁልፉ የጠፋ ሳጥን፣ ሳጥኑ የጠፋ ቁልፍ። ማዳም የምትወደው የነሐስ ዕቃ ነው። አንድ የነሐስ ነጋዴ ዘንድ ከተቀመጠች ሻይ እየጠጣች ሰዓት ሙሉ ትከራከራለች፤ እኔ በዚያ መሀል እዞራለሁ። ምንም አልገዛም። ማየት ብቻ ይበቃኝ ነበር።

እንዲህ ስዞር ነው ያገኘኋት። ከዓይኗ በስተቀር ተሸፋፍና፣ ከአንድ ነጋዴ ጋር በዓረብኛ ትከራከራለች። ሰውዬው አንድ ሳህን ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ «ይሄ እኮ የጥንት ነው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ነው» ይላታል። እሷ ደግሞ፣ «ግድግዳ አይበላም! እኔ የምፈልገው ለመብላት ነው» ትለዋለች። ከዚያ ፊቷን ዞር አድርጋ ጥርት ባለ የወሎ አማርኛ፣ «ወይ አንተ ቀጣፊ፣ ጢምህን ይንቀለው!» ብላ አጉረመረመች። ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ያስቅሻል እህቴ? ቆመሽ ከምትስቂ አታግዢኝም?» አለችኝ።

አገዝኳት። ሁለት አበሻ ሴቶች አንድ ላይ ሲጮኹበት ሰውዬው ተሸነፈ። ሳህኗ በነጭ ቅብ የተለበጠች የብረት ሳህን ናት፤ ጠርዟ ሰማያዊ፣ መሀሏ ላይ ቀይ ጽጌረዳ፣ ከጽጌረዳው ግንድ ሦስት እምቡጥ ወጥቷል። ጠርዟ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ቦታ ቅቧ ተልጧል። «ይቺ የመጀመሪያዬ ናት» ብላ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት፣ ልክ እንደ ሕፃን። ለአንዲት ሳህን ይሄ ሁሉ! ብዬ በልቤ ታዘብኳት።

በሚቀጥለው ዓርብ ነገረችኝ። እናቷ ደሴ ናቸው። ለሰርጋቸው የተሰጣቸው እንዲህ ዓይነት ሳህን አሥራ ሁለት ነበራቸው። ሳህኖቹ የእናቷ ይባሉ እንጂ የሰፈር ነበሩ። ሰርግ ሲሆን፣ ሰው ሲሞት፣ እንግዳ ሲበዛ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም «እስቲ ሳህኖቹን» እያለ ይመጣል። እሷ ወደ ዓረብ አገር ልትወጣ ስትል ለፓስፖርትና ለደላላ የሚሆን ጠፋ፤ እናቷ ሳህኖቹን ሸጡ። ለጎረቤት ግን ሸጥኳቸው አላሉም። «አውሻቸዋለሁ፣ ይመጣሉ» ነው ያሉት።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ይመጣሉ እያለች ነው እህቴ» አለችኝ። «ሰው መጠየቁን እንኳ ትቷል። እሷ ግን ሳይጠይቋት ትናገራለች። እናቴ ውሸታም ሆና እንድትሞት አልፈልግም።»

ከዚያ ወዲያ ዓርብ የሳህን ሆነ። እሷ አስተማረችኝ። መጀመሪያ ገልብጠሽ ጀርባውን ታያለሽ፣ ቀጥሎ በጥፍርሽ መታ ታደርጊያለሽ፣ መጨረሻ እምቡጡን ትቆጥሪያለሽ። ባለ ሁለት እምቡጥ ሞልቷል፤ ባለ ሦስቱ ነው የሚጠፋው። አንዱን ያገኘነው የሞተር ዘይት ቆርቆሮ ሥር ነው። ሌላውን አንድ ሽማግሌ ለድመቱ ውኃ አድርጎበት ነበር፤ ድመቷን በምን እናስቀይማት ብለን ሌላ ሳህን ገዝተን ለወጥናት። «አጃኢብ!» ትላለች አንድ ባገኘች ቁጥር፣ እንደ ልጅ እየዘለለች። በሦስት ዓመት ዘጠኝ ሞሉ።

እሷ ከከፊሏ፣ ከአሠሪዋ ቤት፣ ጠፍታ የወጣች ናት፤ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የላትም። ዑረይጃ ሰፈር ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ በየቤቱ እየዞረች ትሠራ ነበር። አፈሳው ሲበረታ ሳህኖቹን በካርቶን አድርጋ፣ በአሮጌ ፎጣ አንድ በአንድ ጠቅልላ አመጣችልኝ። «አንቺ ወረቀት አለሽ፤ ያለሽበትን ቤት ማንም አይፈትሽም። አደራ» አለችኝ።

«አብሽሪ!» አልኳት በእሷው ቋንቋ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ተረቱንም ጨምሬ ተረትኩላት፣ እኔ አፈኛዋ!

ወር ሳይሞላ ተያዘች። ተርሒል፣ ወደ አገር መባረር፣ ከሚጠብቁት ጋር ታስራ፣ ከሰው ሞባይል ለምና ደወለችልኝ። «በዚህ ሳምንት ያሳፍሩናል እህቴ። ዕቃቸውን ሰው የሚያመጣላቸው አሉ፤ በር ላይ ይቀበላሉ። ካርቶኔን ብቻ አምጪልኝ። ልብሴን ተዪው።»

«ነገ፣ ኢንሻአላህ» አልኳት።

መንገድ አልነበረም እንዳልል ነበረ። የቤቱ ሾፌር ያገሬ ልጅ ነው፤ ስነግረው፣ «ምን ችግር አለ እህቴ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ እወስድሻለሁ» አለኝ። በማግሥቱ መኪናውን አስነሥቶ በር ላይ ጠበቀኝ። ካርቶኑን ታቅፌ ደረጃው ድረስ ወርጃለሁ። እዚያ ቆምኩ። የጠፋች ሴት ዕቃ ደብቄ እንደነበር ማዳም ብታውቅስ? እዚያ በር ላይ፣ «አንቺ ምኗ ነሽ? ኢቃማሽን አምጪ» ብለው ወረቀቴን ቢቀሙኝስ? «ዛሬ አሞኛል፣ ነገ እንሄዳለን» ብዬ ተመለስኩ። ነገም አመመኝ። በሦስተኛው ቀን ሾፌሩ መጠየቁን ተወ። ስልኬ ሲጮህ እያየሁት ዝም አልኩ። በአራተኛው ቀን መጮኹን ተወ።

ምን ነካኝ እላለሁ እስከ ዛሬ። የሚመታኝ አልነበረም፣ የዛተብኝ አልነበረም። ዝም ብዬ ፈራሁ፤ ፈሪ ነበርኩ።

ኢድ ሲቃረብ ማዳም የእኔ ክፍል ቀለም ይቀባ አለች። ሠራተኞቹ አልጋውን ሲያነሡት ካርቶኑ ወጣ። እሷ ራሷ ከፈተችው። ፎጣውን ገልጣ ጽጌረዳዋን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። «ይሄን ከየት አመጣሽው? አያቴ ቤት ነበረ እኮ ይሄ! የማን ነው?»

የማን ነው። እውነቱን የምናገርበት ቀን ቢኖር ያ ነበር። የጓደኛዬ ነው፣ አደራ ነው ብል ምን ታደርገኝ ነበር? ብትቆጣ ትቆጣለች፣ ያልፋል። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ያንቺ ነው» አልኳት። «ለኢድ ብዬ አንድ አንድ እያልኩ ያጠራቀምኩልሽ ነው።»

አቅፋኝ አለቀሰች። ግንባሬን ሳመችኝ። ወዲያው ባለመስታወት ቁም ሳጥን አሠርታ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ደረደረቻቸው፣ መብራት ሳይቀር አስገባችላቸው። ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ «ይቺ ልጅ ናት ያመጣችልኝ። ሠራተኛ አትበሏት፣ ልጄ ናት» ትላለች። እንግዶቹም ወደ እኔ ዞር ብለው «ማሻአላህ!» ይላሉ። እኔ ትሪውን ይዤ መሬት መሬቱን አያለሁ፤ ትሕትና መሰላቸው። በየሳምንቱ እያወጣሁ የምወለውላቸው እኔው ነኝ። ያቺን የባቄላ ፍሬ የምታህል የተላጠች ቦታ በጨርቅ ስነካ ጣቴ የሚቃጠል ይመስለኝ ነበር።

ባለ ሳህኗ አገሯ ገብታለች፤ ከደሴ ትደውላለች። ያኔ አልመጣሽም ብላ አንድ ቀን አልወቀሰችኝም፤ «አውቃለሁ፣ ከልክለውሽ ነው» ብላ እሷው ሰበቡን ሰጠችኝ፣ እኔም ተቀበልኩ። «ሳህኖቼ ደኅና ናቸው እህቴ?»

«በየቀኑ ነው የማያቸው» እላታለሁ። ውሸት አይደለም እኮ! እዩልኝ ብልጠቴን።

«እናቴ ሰፈሩን ሁሉ ነግራለች። የተዋሱት ሰዎች ሊመልሱልኝ ነው ብላ።»

አንድ ጊዜ ለማዳም ልናገር ቆርጬ ገባሁ። ለእህቷ በስልክ ስለ እኔ ስታወራ ደረስኩ፤ «ወልጄ ያሳደግኋቸው እንኳ እንዲህ አላሰቡልኝም» ትላለች። የከፈትኩትን አፌን ዘጋሁት። «ምን ፈልገሽ ነው?» ስትለኝ፣ «ለእራት ምን ይሠራ?» አልኳት።

የቀረኝ ሐራጅ ነበር። ዓርብ ዓርብ እንደ እብድ ዞርኩ። የደስታ ቦታዬ የነበረው የቅጣት ቦታዬ ሆነ። ባለ ሦስት እምቡጥ ከምድረ ገጽ ጠፋ፤ ዘጠኙን ለቃቅመን የጨረስነው እኛው ነን። ነጋዴዎቹ ለመዱኝና ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «የለም፣ የለም!» ይሉኛል። የአገር ፈቃዴ ሲደርስ ጊዜ ስላጠረኝ ባለ ሁለት እምቡጡን ገዛሁ። አሥራ ሁለት። እንዲያውም ሞልቼ አመጣሁላት ብዬ ለራሴ ተጽናናሁ። ማዳም ሻንጣዬ ውስጥ አይታቸው፣ «እነዚህ እንኳ የኋላ ሥራ ናቸው፤ የእኛዎቹን አያክሉም» አለችኝ። የእኛዎቹን!

ደሴ ስደርስ እናቷ ደጅ ድረስ ወጥተው ተቀበሉኝ። ዓይናቸው ደክሟል። ካርቶኑን ስፈታ አንዱን ሳህን ተቀብለው ጠርዙን በጣታቸው ዞሩት፣ ደጋግመው ዞሩት። ከዚያ ጎረቤቱን በአጥር ተጣሩ። «ኑ! መጡላችሁ! ይመጣሉ አላልኳችሁም?» ሴቶቹ እልል እያሉ ገቡ። አንዷ፣ «እኛስ የእማማ ነገር እያልን ስንስቅ ነበር፣ ይቅር በሉን» አለች። እማማ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ። «አደራ ያከበርሽ ልጄ፣ አላህ አደራሽን የሚያከብር ይስጥሽ። አንቺን ያመነ አይፈር።» ሁሉም «አሚን» አለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

ልጅቱ አንዱን ሳህን ገልብጣ ጀርባውን አየች። በጥፍሯ መታ አደረገችው። እምቡጡ ላይ ዓይኗ ሲያርፍ አየሁ። ከዚያ ሁሉንም አጥባ ምግብ አቀረበችባቸው፣ ለሰፈሩም ለእኔም። በላሁ።

ማታ አድሬ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ቦርሳዬን እሷ ተሸከመችልኝ። አውቶቡሱ አጠገብ ስንደርስ መደበቅ አልቻልኩም።

«ያንቺዎቹ አይደሉም» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ለምን ታዲያ ትናንት...»

«እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ እንግዳ ስታስተናግድ አየሻት አይደል? በምን አፌ ልናገር?» አለች። «የእኔዎቹስ የት ናቸው?»

«ማዳም ቤት። «ለኢድ ያጠራቀምኩልሽ ነው» ብዬ ሰጠኋት። ፈርቼ ነው።»

ትጮኽብኛለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ነጋዴውን እንኳ ጢምህን ይንቀለው ያለች ሴት ናት። እንድትሰድበኝም ፈልጌ ነበር። እሷ ግን መሬት መሬቱን እያየች፣ «ሰው ይበላባቸዋል?» አለችኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ለምጄዋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሼ አቧራቸውን የምጠርገው እኔ ነኝ፣ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም።

«አይ» አልኳት። «መስታወት ውስጥ ናቸው።»

«አንድ ቀን እንኳ?»

«አንድ ቀን እንኳ።»

ራሷን ነቀነቀች። ቦርሳዬን ከትከሻዋ አውርዳ ሰጠችኝ። «በይ ግቢ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጥሽ» አለችኝ። እህቴ አላለችኝም።