የማይከፈተው የብረት መዝጊያ

ከመርሳ እስከ ግራና ባለው መንገድ ዳር ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ከእኔ እጅ የወጣ አንድ ነገር አለው። በር ባይሆን መስኮት ነው፤ መስኮት ባይሆን አልጋ። ይህን ስናገር ጉረኛ የሚሉኝ አሉ። ይበሉ፤ ሲሉኝም በእኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት በእህል ጆንያ ላይ ከታተመውና በሱቅ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው። እንጨት ሥራም ማንም አላስተማረኝም። አንድ የተሰበረ ወንበር ፈታሁ፣ እንዴት እንደተያያዘ አየሁ፣ መልሼ ገጠምሁት። ከዚያ ወዲህ እኔ የገጠምሁት ነገር አልተፈታም። የመስጊዳችንን የዕቃ ቤት መዝጊያ የሠራሁት እኔ ነኝ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም የቤተ ልሔማቸው መዝጊያ ሲያረጅባቸው፣ ከመካከላቸው አናጢ ሳይጠፋ፣ ወደ እኔ ነው የመጡት። ሁለቱም መዝጊያዎች ዛሬም ሲከፈቱ ድምፅ የላቸውም።

የምኖርበትንም ቤት ከመሠረቱ እስከ ክዳኑ ያቆምሁት እኔው ነኝ። የጭቃ ቤት ነው፤ ቋሚው ወይራ፣ ማገሩ ባሕር ዛፍ። ወይራ ምስጥ አይበላውም። ከበሩ በስተቀኝ ያለውን አንድ ቋሚ ብቻ፣ ወይራው ስላለቀብኝ፣ ባሕር ዛፍ አድርጌዋለሁ። ጭቃ ተለስኖ ኖራ ሲቀባ ሁሉም አንድ መሰለ። ያን ቋሚ ከእኔ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ጦርነቱ ሊመጣ አንድ ዓመት ሲቀረው በጣቴ ባንኳኳው እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። ምስጥ ገብቶበታል። አንድ ቀን እቀይረዋለሁ ብዬ ተውሁት።

ጦርነቱ ከሰሜን ወደ እኛ ሲወርድ ሐምሌ ነበር። ሴት ልጄ የመጀመሪያ ልጇን በእናቷ ቤት ልትወልድ፣ እንደ አገራችን ወግ፣ ከወልድያ መጥታ እኛ ዘንድ ነበረች። ባሏ እዚያው ቀርቷል። ሚስቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታወራው ስለ በሩ ብቻ ሆነ። በሩ ዋንዛ ነው፤ እኔ የሠራሁት። እሷ ግን ብረት ይሁን አለች። በእንጨት ጀርባ ልጄን አላስተኛትም አለች። የሠላሳ ዓመት እንቅልፏን የተኛችው በዚያ እንጨት ጀርባ መሆኑን ብነግራት ፊቷን አዞረች።

ነገሩን የሚያራግብላት ወንድሟ ነበር። ይህ ሰው አጥራችንን ተጋርቶ የሚኖር በያጅ ነው። ወልድያ ሄዶ ሙያ ተምሮ ወረቀት ይዞ መጥቷል። ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ከሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። እኔን ሲያይ ዓይኑ መጀመሪያ ወደ ወረቀቱ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ ይሄዳል። ስንዋደድ አልኖርንም፤ ለመዋደድም አልሞከርንም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጥቶ፣ ከደጃፌ ቆሞ፣ መዝጊያዬን በእግሩ ጫፍ ገፋ ገፋ አደረገና እንጨት ጊዜው አልፎበታል አለ። ላሜራ የሚገፋው የለም፣ አይነድም፣ አይበሳም አለ። ላሜራ ጥይት እንደማይመልስ፣ ከወረቀት የሚለየውም በጩኸቱ ብቻ መሆኑን ነገርሁት። በመርሳ ፀሐይ ብረት ቀን ምጣድ፣ ሌሊት በረዶ እንደሚሆንም ጨመርሁለት። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ብረት ከባድ ነው፤ የጭቃ ግድግዳ ብረት እንዲሸከም አልተሠራም። እሱ ግን ሳቀና ለእህቱ፣ “ሽማግሌው የራሳቸውን እጅ ሥራ ነው የሚወዱት፣ አንቺን አይደለም” አላት።

አማቼም፣ የልጄ ባል፣ በስልክ ከወልድያ ገባበት። አሁን ሰው የሚያደርገው አልሙኒየም ነው፣ መሐሉ መስታወት ሆኖ፣ ብርሃንም ያስገባል አለ። በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ምን ወጥ እንደምበላ እንዲያይልኝ አልፈልግም ብዬ ስልኩን ለልጄ መለስሁላት። ልጄ ሳቀች። በዚያ ሰሞን የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እኔ ያሰብሁት በአዲስ ወፍራም ዋንዛ፣ ከኋላው በሁለት ወይራ አግዳሚ የታሰረ መዝጊያ ልሠራ ነበር። በገበያ ቀን እንጨቱን ልፈልግ ግራና ወረድሁ። ስመለስ የእኔ መዝጊያ ተነቅሎ ከአጥሩ ተደግፏል። የሚስቴ ወንድም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የላሜራ መዝጊያ ከነመቃኑ አቁሞ ሲያስተካክል ደረስሁ። ሚስቴ ከጓዳ አልወጣችም። በቤቴ፣ ያለ ፈቃዴ፣ በሬን ነቅለውታል።

አልጮህሁም። እንጨቴን አወረድሁና ቆሜ አየሁት። ሰውየው በባለሙያ ደንብ መቃኑን ከቋሚው ከማሰሩ በፊት ዞር ብሎ ጠየቀኝ።

“ይህ የቀኙ ቋሚ ደህና ነው?”

“ባለ ወረቀቱ አንተ ነህ” አልሁት።

ከዚህ በላይ አልተናገርሁም። ቋሚው የተበላ መሆኑን አውቅ ነበር። ብረቱ በሳምንት ውስጥ ያዘምምና መንደሩ ሁሉ እየመጣ ያየዋል ብዬ ነው ዝም ያልሁት። እሱም ከእኔ ምክር እንዲለምን አልፈለገም፤ መቃኑን አሰረ፣ ማጠፊያውን በየደ። እግረ መንገዱንም ሁለቱን መስኮቶች በብረት ፍርግርግ ዘጋቸው። የተነቀለውን የዋንዛ መዝጊያዬን ጎተትሁና ከኋላ ጓሮ፣ ዝናብ በማይደርስበት ከጣሪያው ሥር አስቀመጥሁት።

ብረቱ በሳምንት አላዘመመም። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ታጣቂዎች ወደ ከተማችን ገቡ። ጤና ጣቢያው ባዶ ሆነ። መዝጊያው ግን እንደቆመ ነው። ሚስቴ በየቀኑ መቀርቀሪያውን ቀርቅራ ወደ እኔ ታያለች። እኔም ወደ ቋሚው አያለሁ።

ልጄን ምጥ የያዛት ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ባደረ ማግስት ጠዋት ነው። ከወልድያ አቅጣጫ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ምድሩን እያንቀጠቀጠው ነበር። ከወንዙ ማዶ የምትኖር አንዲት አሮጊት የልምድ አዋላጅ ነበረች። ሚስቴ ከኋላዬ ቀረቀረች፤ እኔ በጓሮ በጓሮ ሄጄ አሮጊቷን ይዤ ተመለስሁ።

በሩን መታሁ። ሚስቴ መቀርቀሪያውን ሳበች። አልመጣም። ደግማ ሳበች። ቋሚው በዝናቡ ሰጥሟል፣ መቃኑ አዝምሟል፣ መቀርቀሪያው በቀዳዳው ውስጥ ተነክሶ ቀርቷል። ከውስጥ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ በምጥ። ከውጭ እኔና አዋላጇ። መስኮቱ ሁሉ ብረት።

የሚስቴ ወንድም ድምፃችንን ሰምቶ መዶሻ ይዞ ሮጦ መጣ። ሁለት ጊዜ መታው። ያ ላሜራ እንደ ደወል አስተጋባ፤ ድምፁ እስከ አስፋልቱ ሄደ። አስፋልቱ ላይ ታጣቂዎች ነበሩ፤ ከአጥሩ በላይ አንዱ ዞር ሲል አየሁት። አዋላጇ የሰውየውን ክንድ ያዘችው።

“ብረት መቀጥቀጡን ተውና በር ፈልጉልኝ” አለች።

ሰውየው የብየዳ መሣሪያውን አሰበ፤ መብራት የለም። የብረት መቁረጫውን አሰበ፤ መብራት የለም። ተንበርክኮ መቃኑ የሰመጠበትን ቦታ በጥፍሩ ፋቀው። ኖራው ረገፈ፣ ጭቃው ረገፈ፣ ጣቱ ቋሚው ውስጥ እንደ ዱቄት ገባ። እንደተንበረከከ ቀና ብሎ አየኝ።

“ይህን ያውቁ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“ጠይቄዎት ነበር እኮ።”

“ጠይቀኸኝ ነበር።”

ከብረቱ ማዶ ሚስቴ መቀርቀሪያውን መሳቧን ተወች። ሰምታለች። ቀጥሎ የልጄ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን ነበር። “አባየ፣ አለህ?” አለች።

“አለሁ” አልሁ። ከዚያ በኋላ ማንንም አልሰማሁም።

የት እንደሚፈርስ የሚያውቀው ያቆመው ሰው ነው። ከበሩ በስተግራ ሁለት የወይራ ቋሚዎች አሉ፤ በመካከላቸው ያለው ማገርና ጭቃ ብቻ ነው፤ ጣሪያውን የሚሸከም ነገር የለበትም። ከጓሮው የውኃ ጉድጓድ ቀድቼ ግድግዳው ላይ ደፋሁ። ሰውየው ቤቱ ይወድቅባቸዋል ብሎ ሊይዘኝ ሲል ውኃ ቅዳ አልሁት። ቀዳ። የራሰ ጭቃ ድምፅ የለውም። በዶማ አልመታሁትም፤ ከጓሮው የሥራ ዳሴ ባመጣሁት መሮ እየሰነጠቅሁ በእጄ አወረድሁት። ማገሩን በመጋዝ ቆረጥሁት፤ መጋዙን ሞራ ቀብቼዋለሁ፣ እንዳያፏጭ። አስፋልቱ ላይ ያሉት ሰዎች ምንም አልሰሙም። አዋላጇ ሰው የሚያስገባ ሲሆን ጎንበስ ብላ ገባች፤ ነጠላዋ በጭቃ ጠቆረ። እኔ ውጭ ቀረሁ፤ ቦታዬ እዚያ ነው። የሚስቴ ወንድም ከአጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

ፀሐይ ከአናት ሳታልፍ ሕፃኗ አለቀሰች። ሴት ነች። አልሐምዱሊላህ አልሁ፤ እሱም አለ፤ ግን ለየብቻችን ነው ያልነው።

ሚስቴ በቀዳዳው ብቅ አለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንቱ ያለችኝ ሴት ናት።

“አንተ ነህ የዘጋህብን” አለችኝ። “እሱ በር ሠራ፣ አንተ ዘጋህብን።”

ቀዳዳውን የከፈትሁት እኔ መሆኔን ልነግራት ነበር። የምትናገረው ግን ስለ ቀዳዳው አልነበረም። ተመልሳ ገባች።

ከሦስት ቀን በኋላ ታጣቂዎቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ ወደ እኛም መጡ። መጀመሪያ የሄዱት ወደ ሰማያዊው ብረት ነው፤ እንዲህ ያለ በር ያለው ሰው ንብረት አለው ብለው። በሰደፍ መቱት፣ በእግራቸው መቱት። አልተከፈተም። ከዚያ አንዱ ከአጠገቡ በጆንያ የተጋረደውን ቀዳዳ አየና እየሳቀ ገባ። ጤፍና ብርድ ልብስ ወሰዱ። አራሷን አይተው አልነኳትም። ሲወጡ የሚስቴ ወንድም በአጥሩ በኩል ያይ ነበር። በብረቱና በቀዳዳው መካከል ቆሜ አየሁት። አንገቱን ደፋ። እኔም ብዙ አላየሁትም፤ ጣቱ ቋሚው ውስጥ ሲገባ ፊቴ ድቅን ይልብኝ ነበር።

ታጣቂዎቹ ወጥተው መብራት ሲመለስ፣ ሰውየው የብረት መቁረጫውን ይዞ መጣና መዝጊያውን ቆርጬ ላንሳላችሁ፣ አዲስ ቋሚ ይተከልና እንደገና ልግጠመው አለ። አማቼም ከወልድያ መጥቶ የሚስቱንና የልጁን ደህንነት ካየ በኋላ ያንን አልሙኒየሙን ደግሞ አነሣው። ሁለቱንም ሰማኋቸው። ከዚያ ሚስቴን ጠየቅኋት። በቤቴ ጉዳይ ሰው ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለእኔ ቀላል አልነበረም።

እሷም እኔን ሳታይ መለሰች። “ከውስጥ ሴት ብቻዋን አንስታ ልትጥለው የምትችለው ይሁን” አለች።

ይህን ደግሞ ወረቀት ያለውም አልሙኒየም ያማረውም ሊሠራው አይችልም። ጓሮ ያስቀመጥሁትን አሮጌውን ዋንዛ አወጣሁ። ማጠፊያ አልመታሁበትም። ከላይና ከታች በራሱ እንጨት ጉጥ እንዲዞር አደረግሁት፤ ከውስጥ ትንሽ ከፍ ሲያደርጉት ከቦታው ይወጣል፣ ከውጭ ግን አይነሳም። በፈረሰው ግድግዳ ላይ ገጠምሁት። ሚስቴ ብቻዋን ሦስት ጊዜ አነሳችው፣ ሦስት ጊዜ መለሰችው። ጥሩ ነው አላለችም። አሁንም አንተ ነው የምትለኝ።

ብረቱን ግን አላስነሳሁም። እንደተቀረቀረ፣ እንዳዘመመ፣ ከእንጨቱ በር ጎን ቆሟል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ይመታል። የሚስቴ ወንድም እህቱን ሊጠይቅ በመጣ ቁጥር በፊቱ ያልፋል። በፊት እሱ እንዲያየው ነበር የተውሁት። አሁን እኔም በየቀኑ አየዋለሁ።

በዚያ ዓመት ያደረግሁትን ልቁጠር፦

አንድ ግድግዳ፣ ድምፁን ቢሰሙት ሰው ሊሞት ይችል በነበረበት ቀን፣ ያለ ድምፅ ከፍቻለሁ።

የልጅ ልጄ በቤቴ፣ በአዋላጅ እጅ ተወልዳለች።

ሴት ብቻዋን የምታነሳው፣ ወንድ ከውጭ የማያነሳው መዝጊያ ሠርቻለሁ፤ ከመርሳ እስከ ሐራ እንዲህ ያለ ሌላ ካለ ያሳዩኝ።

ምስጥ የበላውን ቋሚ ነቅዬ፣ ብረቱን ሳልነካ፣ ወይራ ተክቻለሁ፤ ይህን ማድረግ የሚችል አናጢ አላውቅም።

ከዚያም መሮዬን ይዤ አጥሩን ዞሬ ወደ ሚስቴ ወንድም ቤት ገባሁ። የቤቱን ቋሚዎች አንድ በአንድ በጣቴ አንኳኳሁ። ሁለቱ ተበልተዋል። ሳይጠይቀኝ ነገርሁት። አመሰግናለሁ አላለኝም፤ እኔም ይለኛል ብዬ አልጠበቅሁም።