ጋሽ ደምሴ ያካፈሉኝ ጥይት

ቅጠሉ ረግፎ ያለቀበት፣ ዝናቡ ግን ያላለቀበት ኅዳር ነበር። ለንደን ውስጥ ካለው ከኤድመንተን ሰፈሬ ጋሽ ደምሴና እኔ ለአደን ወጣን። እናንተ ልጆች በክራንች ነው የምታውቋቸው፤ ያኔ ዳገት ሲወጡ እኔ ነበርኩ ወደ ኋላ የምቀረው። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት ለንደን ስገባ፣ የአባቴ የአደን ጓደኛ ስለነበሩ እንደ ልጃቸው ተቀበሉኝ። የጠመንጃ ፈቃድ አፕላይ ያስደረጉኝም እሳቸው ናቸው።

ሜሮን፣ ከጓደኛሽ የተቀበልሽውን ጥይት ሳይ «ማሚ፣ ሳይዙ አንድ ነው እኮ፣ ሪላክስ!» ስላልሽኝ ነው ይህን የማወራሽ።

ጫካው ከለንደን በስተ ምዕራብ ነው። ባለ እርሻው አጋዘን ያስድነናል፤ በምላሹ ማሳውን የሚቆፍሩበትን የዱር አሳማዎች እንቀንስለታለን። ሥጋቸውን አንነካም፣ ግን ውል ነው።

ከመኪናው እንደወረድን ጋሽ ደምሴ ጥይት ዘረጉልኝ። በአባቴና በእሳቸው ደንብ ከጓደኛው ጥይት ሳይካፈል ጫካ የሚገባ የለም። የሁለታችንም ጠመንጃ የሚጎርሰው አንድ ዓይነት ጥይት ነው። የእሳቸውን ግን ዊልስደን ቤታቸው፣ በተተኮሰ ቀለህ ላይ ባሩድና እርሳስ እየሞሉ ራሳቸው ይሠሩታል።

«ጋሼ፣ የራሴ አለኝ» አልኩ።

«የሽማግሌ እጅ ይመለሳል እንዴ? ያዢ! የሱቅ ጥይት የሰነፍ ነው» ብለው ሳቁ።

እኔ የዘጋሁትን በር ሦስቴ የምፈትሽ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ግን ይሉኝታ ያዘኝና በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ካዝናው ውስጥ የእሳቸውን ከሥር፣ የራሴን አንዷን ከላይ አደረግሁ።

ጭቃው ላይ ሰፊ ኮቴ አገኘን። ከኋላው የትናንሾቹ ጣቶች ምልክት ጭምር ታትሟል፤ አጋዘን እንዲህ አይረግጥም፣ የአሳማ ነው። ጫካው ዳር ላይ አሳማውን አየነውና ጋሽ ደምሴ ተኮሱ። ቆስሎ እሾሁ ውስጥ ገባ። የቆሰለ አውሬ ጥሎ መሄድ ነውር ነው፤ ጥቂት ጠብቀን ተከተልነው።

ጠመንጃቸውን አንግተው፣ ጎንበስ ብለው ቅጠሉ ላይ ያለውን ደም በጣታቸው ሲነኩ፣ እሾሁ ተሰነጠቀና አሳማው ወጣ። ተኮስኩ። ተንገዳገደ እንጂ አልወደቀም። አቀባበልኩ። ጥይቱ ገባ፤ መዝጊያው ግን አልወርድ አለ። በመዳፌ መታሁት። ወደ ኋላም አልመለስ አለ።

«ተኩሺ! ምን ትጠብቂያለሽ!»

«አልዘጋ አለኝ ጋሼ!»

ጥርሱ ጭናቸው ውስጥ ሲገባ ሰማሁት። አሁንም ይሰማኛል።

ጠመንጃቸው ከትከሻቸው ወድቆ ነበር። የራሴን ጥዬ እሱን አነሳሁና አቀባበልኩ። ያው ቤታቸው የሠሩት ጥይት፣ በእሳቸው ጠመንጃ ያለ ምንም ድምፅ ገባ። ጆሮው ሥር ተኮስኩት። ከዚያ ሻሼን አውልቄ ጭናቸውን አሰርኩ፤ ሻሹ ወዲያው ቀላ።

እግራቸው ከጉልበት በላይ ተቆረጠ።

ቀለህ ሲተኮስ ይለጠጣል፤ የቆየ ጫማ የባለቤቱን እግር እንደሚመስል፣ የተተኮሰበትን ጠመንጃ ይመስላል። ጋሽ ደምሴ ሲሞሉት የቀለሁን አንገት ብቻ ያጠብቡ ነበር እንጂ ገላውን ወደ ልኩ አይመልሱትም። ለእሳቸው ጠመንጃ ይበቃል። የእኔው ጠመንጃ ግን ጠበብ ያለ ነው፤ ጥይታቸው የተቀረቀረው ለዚህ ነው። አሁን እኔ ስሠራ ቀለሁን ሙሉውን ወደ ልኩ አጠብባለሁ፤ ባሩድ ሳልጨምርበት ባዶውን በጠመንጃዬ እሞክረዋለሁ።

ለአደን ከመውጣቴ በፊት ዛሬም ዊልስደን ጎራ እላለሁ። ጋሽ ደምሴ ክራንቻቸውን ግድግዳ ያስደግፉና አንድ ባዶ ቀለህ ይዘረጉልኛል።

«ያዢ።»

«አልቀበልም ጋሼ።»

«የሽማግሌ እጅ ይመለሳል እንዴ?»

«ይመለሳል።»

ይህን ጊዜ ቀለሁን ኪሳቸው ይከቱና «በይ፣ በሰላም ግቢ» ይሉኛል።

ሜሮን፣ ነገ ለአደን ስትወጪ በሩ ላይ ባዶ ቀለህ ይዤ እጄን የምዘረጋልሽ እኔ ነኝ።