አስተኚው ያደረሰው መልእክት

በሆስፒታሉ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ሐኪሞቹም ነርሶቹም፣ ወለል የሚወለውሉት ሴቶችም «አስተኚው» ነበር የሚሉት። ሥራው ከቀዶ ሕክምና በፊት ለበሽተኛው ማደንዘዣ ሰጥቶ ማስተኛት፣ ሐኪሙ እስኪጨርስ ራስጌው ቁጭ ብሎ እንቅልፉን መጠበቅ፣ ከዚያም በሰላም መቀስቀስ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቶበታል።

በወጣትነቱ የእጮኛው አባት «ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁት፣ ደንግጦ «ሰው አስተኛለሁ» ብሎ አረፈው። ሰውየውን ሻዩ ትን አላቸው። እጮኛው አፏን ይዛ ከክፍሉ ሮጣ ወጣች። ያንን ቀልድ ዘመድ አዝማዱ ለዓመታት ሲቀባበለው ኖረ። ትዳሩ ግን የቀልዱን ያህል እንኳ ዕድሜ አላገኘም። በስምንተኛው ዓመት ሚስቱ ልብሷን አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ እየከተተች፣ ሳትቆጣ፣ «ስምንት ዓመት አብሬህ ተኛሁ፤ አብሬህ የኖርኩት ግን ስንት ቀን እንደሆነ እንጃ» አለችው። እውነቷን ነው። ከሥራ ሲመጣ ይደክመዋል፤ ጋደም ሲል ደግሞ ስልኩ ይጮኻል። ልጅ አልነበራቸውም። እስከ በሩ ሻንጣዋን ያዘላት።

ከዚያ ወዲህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻውን ይኖራል። ከሰው ጋር የሚያወራው በአብዛኛው በሽተኛው እስኪተኛ ድረስ ነው፤ ሁለት ደቂቃ፣ ግፋ ቢል ሦስት። የነቃ ሰው የሚያመሰግነው ቀዶ ሐኪሙን ነው። እሱን፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ስለሚያዩት፣ መንገድ ላይ ቢያገኙትም አያውቁትም። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ፣ ከሳምንት በፊት ያስተኛት ሴትዮ ከፊቱ ተቀምጣ ስለ ሐኪሟ ጥሩነት ለጓደኛዋ ስታወራ ሰማ። «እኔም እዚያው ነበርኩ» ሊላት ቃጣውና አፈረ። የሚወርድበት ሳይደርስ ወረደ።

ሰው እንቅልፍ ሊጥለው ሲል አፉ ይፈታል። አንዷ በሩን ቆልፋ እንደሆን ትጠይቃለች፤ አንዱ አለቃውን ልክ ልኩን ይነግረዋል። አስተኚው የሰማውን ሁሉ ከክፍሉ ይዞ አይወጣም። ይዞ የወጣው አንዴ ብቻ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንጀታቸው የተቆለፈባቸውን አንድ ሽማግሌ አናጢ ጎረቤቶቻቸው ተሸክመው አመጧቸው። የግራ እጃቸው ሌባ ጣት ከግማሹ የለም። የቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ ከተጋደሙ በኋላም ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ያለውን የተጣመመ ኮርኒስ ይመረምር ነበር።

«አባቴ፣ አሁን ላስተኛዎት ነው። ቀስ ብለው እየተነፈሱ እስከ አሥር ይቁጠሩልኝ» አላቸው።

«ማስተኛቱንስ ታስተኛኛለህ፤ ካልነቃሁስ?»

«እኔ አጠገብዎ ነኝ። የትም አልሄድም።»

«ካልነቃሁ ለወንድሜ ንገርልኝ። ከአሮጌው ድልድይ ማዶ ፍራሽ ይሰፋል። የአባታችንን መጋዝ አልሸጥኩትም፤ አልጋዬ ሥር ነው፤ ይውሰደው በለው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እልህ ነው የያዘኝ።»

«እርስዎ ራስዎ ይነግሯቸዋል፣ አባቴ።»

«እሺ በለኝ።»

«እሺ።»

አናጢው አንድ፣ ሁለት እያሉ ቆጥረው ስድስት ላይ ዝም አሉ።

ቀዶ ጥገናው በተጀመረ በአርባ ደቂቃው ልባቸው ቆመ። አስተኚውና ሐኪሙ ላብ በላብ እስኪሆኑ ታገሉ፤ አልሆነም። ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ «ያንተ ጥፋት የለበትም። ልባቸው ድሮውንም ደክሞ ነበር» አለው። አስተኚው ራሱን ነቀነቀ። በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው አራተኛው ነው፤ በሦስቱ ግን ለማንም እሺ አላለም ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ነርሷ ለጎረቤቶቹ «አረፉ» ስትላቸው ደረሰ። ለወንድማቸው የሚነግራቸው ሰው እንዳለ ጠየቀ።

«እሱን ማን ደፍሮ!» አለች አንዲት ጎረቤት። «እሳቸው ፊት ስሙ አይነሳም፤ እሱ ፊትም የሳቸው እንደዚያው።»

አስተኚው ልብሱን ቀይሮ ፈቃድ ጠየቀና አውቶቡስ ተሳፈረ።

የፍራሽ ሰፊው ሱቅ በጥጥ ብናኝ የታፈነ ጠባብ ክፍል ነው። ፍራሽ ሰፊው ስልሳውን ያለፉ፣ ትከሻ ሰፊ ሰው ናቸው። ረጅም መርፌ ከንፈራቸው መሀል ይዘው የባለመስመር ጨርቅ ጠርዝ ያጥፉ ነበር። መርፌውን ከአፋቸው አውጥተው «ለአንድ ሰው ነው ለሁለት?» አሉት።

«ለአንድ» አለ ሳያስበው። ከዚያ «ማለቴ፣ ፍራሽ ፈልጌ አይደለም ጋሼ። ከሆስፒታል ነው የመጣሁት። ወንድምዎ…»

«ሆስፒታል ተኛ እንዴ?»

«ተኝተው ነበር። ዛሬ ጠዋት አሸለቡ።»

«አሸለበ?» ፍራሽ ሰፊው ቀና አሉ። «አሸለበ፣ አንቀላፋ፣ አረፈ! የሚነቃ አስመሰላችሁት እኮ። ሞተ የሚባል ቃል አልፈጠረባችሁም?»

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ያንን ቃል ለቤተሰብ የሚናገረው ሌላ ሰው ነበር።

«ሞቱ» አለ አስተኚው። «ያስተኛኋቸው እኔ ነኝ።»

ፍራሽ ሰፊው ወደ ጨርቁ ተመለሱ። ሦስት ጊዜ ወጉ፤ ክሩን ሳቡት፤ ከዚያ የሰፉትን መልሰው ተረተሩት። አስተኚው ቆሞ የመጋዙን ነገር ነገራቸው።

«ውሸት! ሸጦታል» አሉ ፍራሽ ሰፊው። «እጄን ይዞ መጋዝ ያስተማረኝ እሱ ነው፣ አባታችን ሲሞት ግን መጋዙን ለእኔ መስጠት አቃተው። ደሞ አንተ በእኛ መሀል ምን ጥልቅ አደረገህ?»

«ምንም። እሺ ስላልኳቸው ነው።»

ፍራሽ ሰፊው ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «ሲተኛ ፈርቶ ነበር?» አሉ።

«አልፈሩም። እስከ ስድስት ቆጠሩ።»

«መቁጠር ይወዳል። አንድ ጣውላ ሦስቴ ሳይለካ አይቆርጥም» አሉና ተነሡ። ያልተጨረሰውን ፍራሽ በቁሙ ከግድግዳው አስደግፈው ሱቁን ዘጉ።

አብረው የአናጢው ቤት ሲደርሱ ግቢው ውስጥ ሰው መሰብሰብ ጀምሯል። ፍራሽ ሰፊው ሲገቡ ወሬው ሁሉ ጸጥ አለ። አስተኚው ደጅ ሊቀር ሲል «ና ግባ፤ ቃሉን የሰማኸው አንተ ነህ» አሉት። ተንበርክከው እጃቸውን አልጋው ሥር ሰደዱ። መጋዙ ዘይት በነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጥርሱ በቅርብ ተሞርዶ እዚያው ነበር። ጨርቁን ገለጥ አድርገው አዩትና መልሰው ጠቀለሉት። ያኔም አላለቀሱም።

ሊነሡ አልጋውን ሲደገፉ ግን እጃቸው ፍራሹ ጠርዝ ላይ ቀረ። አንሶላውን ገለጡት። ጣታቸው ስፌቱን ተከትሎ እስከ ማዕዘኑ ሄደ፤ እዚያ ቋጠሮውን አገኘ።

«የእኔ እጅ ነው» አሉ። «ሳንጣላ የሰፋሁለት ነው። ጥጡ ተጋግሮ ድንጋይ ሆኗል፤ ይሄን ሁሉ ዓመት እዚህ ላይ ሲተኛ ነበር? አውጥቶ የጣለው መስሎኝ…»

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሱት። አስተኚው ሰው ማስተኛት እንጂ የሚያለቅስ ሰው ማባበል አያውቅም። አጠገባቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

አመሻሹ ላይ ፍራሽ ሰፊው ለጎረቤቶቹ «ነገ በጠዋት እዚህ ነኝ» ብለው ከአስተኚው ጋር ወጡ። ፌርማታው ላይ ቆመው ሳለ «ቤት የሚጠብቅህ ሰው አለ?» አሉት።

«የለም ጋሼ።»

«እኔም ሚስቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያው ነኝ» አሉና ስልክ ቁጥሩን ጠየቁት። የሁለቱ አውቶቡስ የተለያየ ነው፤ የእሳቸው ቀድሞ መጣ። መጋዙን ብብታቸው ሥር ይዘው ገቡ።

ከቀብሩ በኋላ ሁለት ጊዜ ደወሉለት። በመጀመሪያው ስለ ወንድማቸው ብዙ አወሩት። በሁለተኛው ቅዳሜ ቤታቸው ብቅ እንዲል ጠሩት፤ ተረኛ ነበር፣ ሌላ ቀን ተባባሉ። ያ ሌላ ቀን እንደተባለ ቀረ። አንድ ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት አስተኚው ራሱ ሊደውል ቁጥሩን አወጣ። መጀመሪያ ምን እንደሚል ግን ጠፋበት። ኮሪደሩ ላይ ጥቂት ቆመና ስልኩን ኪሱ ከቶ እጁን ሊታጠብ ገባ።